ዘይት ቅየራ

ኮምቦልቻ፣ ከጋራዡ ጉድጓድ፣ ይመር ከሥር ገብቶ፣
የተሳቢዬን ዘይት ቡሎኑን ፈትቶ፣
እንደ ሬት የጠቆረ፣ እንደ አጥሚት የወፈረ፣
ባልዲው ውስጥ ሲወርድ ቆሜ እያየሁ ነበረ።

«ለብረቱ» አለኝ ከሥር፣ «ቀን ቆጥረህ ትመጣለህ፣
ለራስህስ ዘይቱን መቼ ትቀይራለህ?»
ሳቅሁኝ፤ ሳቄ ሳል ሆነ፤ ሳሉም አልቆም አለ፤
ሆዴ ከመሪው ጋር ሲገፋፋ ዋለ።

ደሴ ላይ ሐኪሟ ወረቀት አገላብጣ፣
«ጉበትህ ሞራ ለብሷል፣ ስኳርህም ደፍ ላይ ነው» አለች ሳትቆጣ።
ሰሚራ፣ የእህቴ ልጅ፣ የሰማችው ማታ፣
የሃያ አንድ ቀን ፕሮግራም በፓርከር ጽፋ አምጥታ፣
ፍሪጁ ላይ ለጠፈች። «አጎቴ» አለች «በቃ፣
ከነገ ጀምሮ ሰውነትህ ይንቃ።»

ስኳር የለም። ጫት የለም። ሲጋራም የለም።
ለስላሳም፣ ዳቦም፣ ጮማም፣ ከቀድሞው ምንም።
በባዶ ሆድ ሎሚ ለብ ካለ ውሃ ጋራ፣
ምሳ ጎመን፣ እራት ቀይ ሥር፣ ካሮት በየተራ።
«ይሄማ» አለች ጦይባ «የጥንቸል ነው ኑሮ፣
ሾፌር ነው ያገባሁት፣ ማን አመጣው ጆሮ?»

ሦስተኛው ቀን፣ ራሴ እንደ አሮጌ ሞተር፣
ሲንኳኳ ነጋለት፣ ሲንኳኳም ያድር ጀመር።
አምስተኛው ቀን፣ ከሻይ ቤት፣ ማንም ሳያየኝ፣
አንድ ማንኪያ ስኳር እንደ ሌባ ቃምሁኝ።
ሰባተኛው ቀን ጓዶቼ ደወሉ ከበርጫው፦
«ፍራሹ ቦታህን ይዟል፣ ና እንጂ፣ ምን ሆነህ ነው?»
«ዘይት እየቀየርሁ» ብል ስልኩ በሳቅ ፈረሰ፤
ከዚያ ማንም አልደወለም። ቀኑም ሊመሽ አልደረሰ።

አባቴ ትዝ አለኝ፦ በየሁለት ወሩ በሩን ዘግቶ፣
ኮሶውን በአንድ ትንፋሽ በቅል ጨልጦ ጠጥቶ፣
ፊቱን አጨማዶ፣ ሰው እንዳይሰማበት፣
ሲመላለስ የሚውል ከጓሮ እስከ ቤት።
እሱስ የወጣለትን በዓይኑ አይቶታል፤
የኔው ግን በየት ወጥቶ፣ ምን መስሎስ ይታያል?

በአሥራ አራተኛው ሌሊት ወጣ።

ሐረጎ መታጠፊያው ላይ፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣
ፍሬኑ ግሎብኝ፣ ጭጋግ ሸፍኖት የመንገዱን ፊት፣
«ታኮ!» ብዬ ጮኽሁ። እንድሪስ ዱብ ሲል ሰማሁት፣
ድንጋይ እንዳቀፈም በስፖኪዮ አየሁት፤
ከዚያ በኋላ ግን ስፖኪዮው ላይ የለም።
አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ጺም እንኳ አላቆጠቆጠም።

በማግሥቱ ጫት ቃምሁ፤ በሳልስቱም ቃምሁ፤
ሰው «በረታ» ሲለኝ፣ እኔ ግን አልተኛሁ።
እናቱ ኩታበር ናት፤ ብር እልካለሁ በወር በወሩ፤
አንድ ቀን አላንኳኳሁም፤ ከጭነት ይከብዳል በሩ።

ያ ሁሉ የሎሚ ውሃ፣ ያ ሁሉ ቀይ ሥር፣
በዓይኔ ወጣ መሰለኝ። ጦይባ አልጋው ዳር፣
መብራት ሳታበራ ቁጭ ብላ አዳመጠች፣
ቆይታ ቆይታ «ይሄን ሰሚራ መቼ ጻፈች?» አለች።

ሃያ አንደኛው ቀን፦ አራት ኪሎ ቀንሼ፣
ለቀበቶዬ አዲስ ቀዳዳ በሚስማር በስቼ፣
ከአስፋልቱ እስከ ቤቷ ያለውን አቀበት፣
አንዴ ብቻ አርፌ በእግሬ ወጣሁበት።
ሳንባዬ ደህና ነበር፣ ጉልበቴም አልዛለ፣
እጄ ግን ከበሩ ፊት አየር ላይ ዋለ።

ከወር በኋላ ይመር፣ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ፣
ዘንጉን በጨርቅ ጠርጎ፣ ወደ ብርሃን አቅንቶ፣
«አንተስ ነጻህ ወይ?» አለኝ። «እንጃ» አልሁት። «ይሄስ ዘይት?
ያን ቀን ማር ይመስል ነበር፣ እይ እስቲ መጥቆርን እንዴት!»
«ዘይት የሚያስፈራው» አለ «ሳይጠቁር ሲወጣ ነው፤
እድፉን ትቶት ነዋ ሞተሩ ሆድ ያለው።»

ዘንጉን መለሰው። ቁልፉን ወረወረልኝ።
ሞተሩን አስነሳሁ። ሻይ፣
በግማሽ ማንኪያ ስኳር፣ አማረኝ።